የባዮፕሲ ውጤት ወረቀት እጃችሁ ሲገባ እንዴት ታነቡታላችሁ

አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት የላቦራቶሪያችንን በር አንኳኳ። በእጁ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ይዟል። የእናቱ የጡት ባዮፕሲ ውጤት ነው። የፈረምኩበት እኔ ነኝ፤ እናቱን ግን አይቻቸው አላውቅም። ሥራዬ እንዲህ ነው። ፓቶሎጂስት ነኝ። ከታካሚው የተወሰደችውን ቁራጭ እንጂ ታካሚውን አላየውም።

«ዶክተር፣ ግሬድ 3 ይላል። 4 ከሆነ መጨረሻው ነው አይደል? እናቴ አንድ ብቻ ነው የቀራት ማለት ነው?»

ሁለት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ለእናቱም ገና አልነገራቸውም። ወረቀቱ ያላለውን አንብቦ ብቻውን ሲብሰለሰል ነው የከረመው።

አስገብቼ አስቀመጥኩት። «ወንድሜ፣ ይሄ ወረቀት ስለ ደረጃ ምንም አይልም» አልኩት። ግሬድ ማለት ሴሎቹ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ከጤነኛው ሴል ምን ያህል እንደራቁና ምን ያህል በፍጥነት እንደሚባዙ ነው የሚናገረው። በጡት ካንሰር ከ1 እስከ 3 ነው፤ 4 የሚባል የለም። ደረጃ፣ ብዙዎች ስቴጅ የሚሉት፣ ካንሰሩ የት ድረስ እንደሄደ የሚለካበት ነው። የዕጢው መጠን፣ ሊምፍ ኖድ (እንደ ብብት ባሉ ቦታዎች ያሉ ትንንሽ የመከላከያ እጢዎች) ውስጥ መግባቱ፣ ሌላ አካል ላይ መድረሱ ተገናዝቦ ይወጣል። ከመርፌ ናሙና ብቻ አይታወቅም።

ከሳምንታት በኋላ የቀዶ ሕክምናው ናሙና ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ዕጢው 1.4 ሴንቲ ሜትር ነበር። ከብብት የተወሰዱት 3 ሊምፍ ኖዶች ንጹሕ ሆነው አገኘኋቸው። ሐኪሞቹ ሁሉንም አገናዝበው ደረጃ 1 አሉት። ግሬዱ ያው 3 ነው። ሁለቱም አንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ።

ይህን የምጽፈው እንደዚያ ልጅ ላሉ ሰዎች ነው። ወረቀቱ ለሐኪም ስለተጻፈ ቋንቋው ይከብዳል። ግን ምን መፈለግ እንዳለባችሁ ካወቃችሁ ሊነበብ ይችላል።

ከወረቀቱ በፊት፦ ናሙናው

ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከዕቃው ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ ክሊኒክ የመጣ ብልቃጥ ከፈትኩ። ውስጡ ምንም ፈሳሽ የለም። ቀጭን የጡት ቁራጭ ብልቃጡ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ እንደ ደረቀ ቅጠል ሆኖ ቀርቷል። ሲነካ ይፈረካከሳል። ሌሊቱን እንዲሁ ያለ ፎርማሊን፣ ሥጋው እንዳይበላሽ ከሚያቆየው ፈሳሽ ውጪ፣ አድሯል። ካንሰር መሆኑን እንደምንም ለየሁ። የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ የሚነግረውን ምርመራ ግን ማድረግ አልቻልኩም። ሴትየዋ ለሁለተኛ ጊዜ በመርፌ ተወጉ። እስከ ዛሬ ያ ብልቃጥ ትዝ ሲለኝ ያመኛል። ፎርማሊን እኮ ብርቅ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ናሙናውን ራሳችሁ እንድታደርሱ ከተሰጣችሁ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩት። ቁራጩ ፈሳሹ ውስጥ ሙሉ በሙሉ መጥለቅ አለበት። ፈሳሹ ከቁራጩ ቢያንስ 10 እጥፍ ቢሆን ጥሩ ነው። ውኃ ወይም የግሉኮስ ፈሳሽ ፎርማሊንን አይተካም። ስም፣ የትኛው ጎን እንደሆነ፣ ቀኑና የተወሰደበት ሰዓት ተጽፎበታል? ሰዓቱ ትርፍ ነገር እንዳይመስላችሁ። የጡት ናሙና ለሆርሞን ምርመራ በፎርማሊን ውስጥ ከ6 እስከ 72 ሰዓት ነው መቆየት ያለበት። ክዳኑን አትክፈቱ፣ ፈሳሹ መርዛም ነው። ፍሪዘር ውስጥም አታስገቡት። አንዳንድ ምርመራዎች፣ ለምሳሌ ሊምፎማ (የሊምፍ ካንሰር) ሲጠረጠር የሚደረጉ፣ ያለ ፎርማሊን የመጣ ናሙና ይፈልጋሉ። ስለዚህ «በፎርማሊን ነው ወይስ ያለ ፎርማሊን?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሌላው ጥያቄ የመርፌው ዓይነት ነው። ቀጭኑ መርፌ የተበተኑ ሴሎችን ነው የሚያመጣው። ወፈር ያለው፣ ኮር የሚባለው፣ ቅርጹን የጠበቀ ሥጋ ያመጣል። በቀጭኑ መርፌ ሴሉ መጥፎ መሆኑን ልለይ እችላለሁ። ከነበረበት ቦታ ወጥቶ ወደ ጎረቤት ሥጋ መግባቱን ግን በአብዛኛው ማየት አልችልም። በጡት ላይ ምርጫ ካለ ኮር ይሻላል።

ውጤቱ ለምን ይዘገያል? ቁራጩ አድሮ ይጠነክራል፣ በሰም ይሞላል፣ 4 ማይክሮን ገደማ ሆኖ ይሳሳል፣ መስታወት ላይ ተለጥፎ ሮዝና ወይን ጠጅ ቀለም ይነከራል። ልዩ ማቅለሚያ ካስፈለገ ቀናት ይጨመራሉ። ስልክ ደውላችሁ «የት ደረሰ?» ማለት ግን መብታችሁ ነው። አንዳንድ ጊዜ ወረቀቱ አልቆ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል።

መጀመሪያ የት ላይ ዓይናችሁን ታሳርፉ

በቀጥታ ወደ ምርመራው ድምዳሜ መስመር ሂዱ። የቁራጩን ርዝመትና ቀለም የሚዘረዝረውን ለጊዜው ዝለሉት።

«ኢን ሲቱ» የሚል ካያችሁ፣ ያልተለመዱት ሴሎች ገና በተፈጠሩበት ቱቦ ወይም ሽፋን ውስጥ ናቸው ማለት ነው። «ኢንቬሲቭ» ከሆነ ድንበሩን ጥሰዋል። ሕክምናው በዚህች አንዲት ቃል ይለያያል።

«አጠራጣሪ» የሚል ውጤት ምርመራው አላለቀም ማለት ነው። በእሱ ብቻ ጡት አይቆረጥም፣ ኬሞም አይጀመርም። «ናሙናው በቂ አይደለም» የሚለውን ደግሞ ብዙ ሰው «ነፃ ነህ» ተባልኩ ብሎ ይተረጉመዋል። አይደለም። ምንም አልተባለም፤ ይደገም ነው የተባለው።

አሁን የምለውን በደንብ ያዙልኝ። ወረቀቱ «ካንሰር የለም» ብሎ፣ እብጠቱ ግን ጠንካራና የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ ወይም ማሞግራሙ በጣም የሚያጠራጥር ከነበረ፣ በደስታ ወደ ቤት አትሂዱ። መርፌው ስቶ ይሆናል። እኔ የማየው የደረሰኝን ብቻ ነው። ሐኪሙን «እጅዎ የዳሰሰው፣ ምስሉና ባዮፕሲው ይስማማሉ?» በሉት። ሦስቱ ካልተስማሙ ናሙናው እንደገና ይወሰዳል።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣው ወረቀት ላይ ደግሞ ጠርዝ የሚል ቃል ፈልጉ። የተቆረጠው ሥጋ ሲደርሰኝ ውጪውን በሙሉ ቀለም እቀባዋለሁ። ከዚያ ከፍቼ አየዋለሁ። ካንሰሩ ቀለሙን ከነካ፣ ሰውነት ውስጥ የቀረ ሊኖር ይችላል። ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ወይም ጨረር ያስፈልግ እንደሆነ የሚመከረው ያኔ ነው።

ካንሰር ብቻውን ስም አይደለም

ትልቁ ለውጥ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ድሮ «የጡት ካንሰር» ካልን በቂ ነበር። አሁን ሦስት ተጨማሪ መልስ ሳይኖር ወረቀቱ ጎዶሎ ነው፦ ኢ አር፣ ፒ አር እና ኸር 2።

ኢ አር እና ፒ አር ሴሉ ኤስትሮጅንና ፕሮጀስተሮን ከሚባሉት ሆርሞኖች መልእክት የሚቀበልባቸው መቀበያዎች ናቸው። ስናቀልመው የሴሉ አስኳል ቡናማ ይሆናል። ከ100 ሴል 1 እንኳ ቡናማ ከሆነ ውጤቱ ፖዘቲቭ ይባላል፤ ኢ አር ከ1 እስከ 10 በመቶ ከሆነ ግን ዝቅተኛ ተብሎ ለብቻው ይጻፋል። ፖዘቲቭ ለሆነች ሴት እንደ ታሞክሲፌን ያለ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን አለ፤ 5 ዓመት፣ አንዳንዴም 10 ዓመት። ይህን ክኒን እንደ ቀላል ነገር ቆጥረው የሚያቋርጡት አሉ። ከኬሞው ያነሰ ሥራ የሚሠራ ስለሚመስላቸው ነው። እባካችሁ አታቋርጡት፤ የጎንዮሽ ስሜቱ ካስቸገራችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ፣ የሚቀየር አለ።

ኸር 2 ሴሉ ሽፋን ላይ ያለ፣ ሴሉ እንዲባዛ የሚገፋፋ ፕሮቲን ነው፤ ከ0 እስከ 3+ ይሰጠዋል። 3+ ፖዘቲቭ ነው። 2+ ከሆነ እርግጠኛ አይደለንም፤ ፊሽ የሚባል፣ የኸር 2ን ጂን የሚቆጥር ተጨማሪ ምርመራ መደረግ አለበት። 2+ የሚል ወረቀት ይዛችሁ ፊሽ ሳይታዘዝ ሕክምና ሊጀመር ከሆነ ጠይቁ። ኸር 2 ፖዘቲቭ ካንሰር በፊት ክፉ ከሚባሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ትራስቱዙማብ የሚባለው መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ከተፈቀደ ወዲህ ታሪኩ ተቀየረ። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ለተሰራጨ የጡት ካንሰር 1+ የሆኑና 2+ ሆነው ፊሻቸው ኔጋቲቭ የሆኑም የሚጠቀሙበት መድኃኒት መጥቷል። ስለዚህ «ኔጋቲቭ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ቁጥሩ እንዲጻፍ አሳስቡ።

ችግሩ ምርመራውና መድኃኒቱ እኩል አለመድረሳቸው ነው። መድኃኒቱ ኖሮ ማቅለሚያው ያልተሠራበት፣ ማቅለሚያው ተሠርቶ መድኃኒቱ የማይገኝበት ጊዜ አለ። ከምርመራ በፊት «ውጤቱ ፖዘቲቭ ቢሆን ምን ልታደርጉልን ትችላላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ሌሎቹን ባጭሩ ልለፍ።

ፕሮስቴት፦ ግሊሰን የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ፤ የካንሰሩ አቀማመጥ ከጤነኛው ምን ያህል እንደራቀ የሚያሳዩ የሁለት ቁጥሮች ድምር ነው። ድምሩን ብቻ አትዩ። 3+4 እና 4+3 ሁለቱም 7 ናቸው፤ ሁለተኛው ግን የባሰ ነው፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚጻፈው በብዛት የታየው ነው። ግሊሰን 6 የሚሆነው ብዙ ጊዜ ወዲያው አይነካም፤ በፒ ኤስ ኤ (ከፕሮስቴት የሚወጣን ፕሮቲን በሚለካ የደም ምርመራ)፣ በኤም አር አይና በድጋሚ ባዮፕሲ ይከታተሉታል። ፒ ኤስ ኤ ከፍ አለ ማለት ብቻውን ካንሰር ነው ማለት አይደለም። ፕሮስቴቱ ሲያብጥ ወይም ሲቆጣም ይጨምራል።

ትልቁ አንጀት፦ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቢያንስ 12 ሊምፍ ኖድ መቆጠር አለበት። ካነሰ ደረጃው ላይ መተማመን ይቀንሳል። ኤም ኤም አር የሚለውን፣ ሴሉ የዲ ኤን ኤ ስህተት የሚያርምበትን ሥርዓት የሚያየውን ምርመራም ፈልጉ። ጉድለት ካለው የበሽታ መከላከያን የሚያነቃቃው ሕክምና ሊሠራ ይችላል፤ ለቤተሰብም የዘር ምርመራ ሊያስፈልግ ይችላል።

ሳንባ፦ የሚመጣልን ቁራጭ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ነው። ኢ ጂ ኤፍ አር እና ኤ ኤል ኬ የሚባሉት የጂን ለውጦች ካሉ በኬሞ ፋንታ ክኒን ሊታዘዝ ይችላል። ቁራጩ በሌላ ምርመራ ከማለቁ በፊት ይታሰብባቸው። ከደም የሚደረግም አለ፤ ደሙ ውስጥ አልተገኘም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም።

የማህፀን በር፦ እዚህ ያለው ዜና ደስ ይላል። «ሲ አይ ኤን» የሚል ካያችሁ የማህፀን በር ሽፋን ሴሎች ተለውጠዋል ማለት ነው፤ ገና ካንሰር አይደለም። ሲ አይ ኤን 1 ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል። 2 እና 3 በአብዛኛው ይታከማሉ፣ ሕክምናውም ካንሰር ከመሆኑ በፊት ነው። ቀጠሮውን ብቻ አትዝለሉ።

ሁለተኛ ዓይን

እኔም እሳሳታለሁ። ከባድ ናሙና ሲገጥመኝ ለባልደረባዬ አሳያለሁ። እናንተም ሁለተኛ ፓቶሎጂስት እንዲያየው ብትጠይቁ አልቀየምም፤ ደህና ፓቶሎጂስት አይቀየምም። ለዚያ ግን ወረቀቱ ብቻ አይበቃም። ስላይዱ (ቀለም የተቀባው መስታወት) እና ብሎኩ ያስፈልጋሉ። ብሎክ ማለት ሥጋችሁ ያለበት የሰም ቁራጭ ነው፣ ከክብሪት ቀፎ ያነሰ። ላቦራቶሪው ለዓመታት ያስቀምጠዋል። አዲስ መድኃኒት ቢመጣና አዲስ ምርመራ ቢያስፈልግ፣ ብዙ ጊዜ ከዚያው ላይ ተቆርጦ ይሠራል።

ያ ልጅ ሊሄድ ሲነሳ ወረቀቱን አስዘርግቼ ከላይ በቀኝ በኩል ያለውን የናሙና ቁጥር በእስክሪብቶ አከበብኩለት። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳው። ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ ለእናቱ ደወለ።