ሦስት በር ያለው አንድ ቤት፦ የተሸነሸነ የእንግሊዝ ገጠር ቤት አነባበብ

በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኬንትና በሰሴክስ ገጠሮች፣ ጎን ለጎን የተሠሩ የሚመስሉ ሁለት ሦስት ትናንሽ ቤቶች ብዙ ጊዜ ጥንት አንድ ቤት ነበሩ። ከ14ኛው እስከ 16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የደላው ገበሬ ያሠራው ቤት ኋላ ለእርሻ ሠራተኞች ተሸንሽኖ ተከራይቷል። የሸነሸነው ሰው ግድግዳ ጨመረ፣ በር ቀደደ፣ ደረጃ አስገባ። ጣራ መንካት ግን ብዙ ገንዘብ ስለሚጠይቅ እንዳለ ተወው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቤት የሚነበበው ከላይ ወደ ታች ነው።

አጽሙ የኦክ እንጨት ሲሆን በመካከሉ ያለው ቀጫጭን እንጨት፣ ጭቃና ጭድ ነው። ጭቃ ቤት ሲማገርና ሲመረግ ያየ አንባቢ ግማሹን ትምህርት ይዞ ነው የሚገባው።

መጀመሪያ የጥንቱን አቀማመጥ ይወቁ። «ዊልደን» የሚባለው ዓይነት መሐሉ እስከ ጣራው ክፍት አዳራሽ ነው፤ ወለሉ ላይ ጭስ ማውጫ የሌለው ምድጃ ይነድ ነበር። በአዳራሹ አንድ ጫፍ ከፊት በር እስከ ጓሮ በር የሚያልፍ መተላለፊያ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ሁለት ጓዳዎች፣ አንዱ ለመጠጥ፣ ሌላው ለዳቦና ለመሳሰለው። በሌላው ጫፍ የባለቤቱ ክፍል፣ ከላዩ መኝታ ቤቱ። ሁለቱ ጫፎች ባለ ፎቅ ስለሆኑ ላይኛው ክፍላቸው ወደ ፊት ወጣ ይላል፣ መሐሉ ገባ ይላል። የጣራው ጠርዝ ግን ሳይሰበር ቀጥ ብሎ ስለሚያልፍ፣ ገባ ባለው መሐል ላይ ሁለት ቆልማማ እንጨቶች ደግፈው ይይዙታል። እነዚህን ከመንገድ ካዩ በሮቹን መቁጠር ትተው ወደ ውስጥ ይግቡ። ፊቱ በጡብ ወይም በሸክላ ከተሸፈነ ግን ላይታዩ ይችላሉ።

ባትሪ፣ ሜትር፣ እርሳስና የካሬ ወረቀት ይበቃል። ሁሉንም ቤቶች በአንድ ወረቀት ላይ በ1፡50 (አንዱን ሜትር በ2 ሳንቲ ሜትር) ይሳሉ፤ እያንዳንዱን ለብቻው የሚስል ሰው የተደበቀውን አያገኝም። ምክንያቱም ምስጢሩ ያለው በልዩነቱ ነው። ለምሳሌ የውጪው ርዝመት 15 ሜትር፣ የውስጥ ክፍሎቹ ድምር 12.10 ሜትር ቢሆን 2.90 ሜትር ይቀራል። ሁለቱ የዳር ግድግዳዎች በድምሩ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ሁለት ቀጫጭን መለያዎች በድምሩ 24 ሳንቲ ሜትር ቢወስዱ፣ የቀረው 2.26 ሜትር የት ገባ? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ጀርባ ለጀርባ ሁለት ምድጃ የያዘ ትልቅ የጡብ ጭስ ማውጫ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመትና ከዚያ ወዲህ ገብቶ፣ ብዙ ጊዜ የጥንቱን መተላለፊያ የዘጋው እሱ ነው። ምድጃው ከወለሉ ስለተነሣ አዳራሹ ላይ ፎቅ መጣል የተቻለውም ያን ጊዜ ነው።

አሁን ከኮርኒስ በላይ ይውጡ። የሚረገጠው እንጨቱ ብቻ ነው፤ በመሐሉ ያለው ልስን ሰው አይሸከምም። ባትሪውን ወራጆቹ ላይ ያብሩ። ከአዳራሹ በላይ ያሉት እንደ ጎጆ ጣራ በጥቀርሻ ጠቁረዋል፤ የጫፎቹ ንጹሕ ናቸው። ጥቁሩና ንጹሑ የሚለያዩበት ቦታ የጥንቱ አዳራሽ ድንበር ነው፤ ከታች ያለው የዛሬ መለያ ግድግዳ ከዚህ ድንበር ጋር ካልገጠመ ኋላ የመጣ ነው። ጥቀርሻው የምድጃ መሆኑን ለማረጋገጥ የወራጁን አራት ጎን ይዩ፤ የዓመታት ጭስ ሁሉንም ጎን እኩል ይቀባል፣ ከተሰነጠቀ ጭስ ማውጫ የሾለከ ግን አንድ ቦታ ብቻ ያጠቁራል። ጀማሪዎች የሚሳሳቱበት ሌላም ነገር አለ። በንጹሕ ወራጆች መካከል አንድ ጥቁር ካለና ባዶ ቀዳዳዎቹ ከምንም ካልገጠሙ፣ ከሌላ ቤት የመጣ አሮጌ እንጨት ነው፤ ምንም አይመሰክርም።

እዚያው ከፊት ግድግዳ እስከ ኋላ ግድግዳ ከተጋደመው ትልቅ አግዳሚ መሐል ላይ የቆመ አጭር ምሰሶ ይፈልጉ። ተጠርቦ ቅርጽ ከወጣለት እንግዳ እንዲያየው የተሠራ የአዳራሹ ጌጥ ነበር፤ ዛሬ አንዱ ተከራይ ሻንጣውን ያስደግፍበታል።

ታች ሲወርዱ መለያ ግድግዳ ያለበትን ብቻ ሳይሆን የነበረበትንም ይፈልጉ። በአግዳሚው ሆድ ላይ ተራ የያዙ ክብ ቀዳዳዎች ካሉ፣ ከሥር የጭቃ ግድግዳ ቆሞ ነበር። የግድግዳው ቋሚ እንጨት አናቱ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፣ እግሩ ከታችኛው አግዳሚ ጀርባ ላይ በተቦረቦረው ቦይ ይንሸራተታል፤ ለዚህ ነው ከላይ ቀዳዳ፣ ከታች ቦይ የሚያገኙት። ቀዳዳዎቹ አራት ማዕዘን ሆነው ማዕዘናቸው ወደ ፊት ከዞረ ግን ግድግዳ ሳይሆን መስታወት አልባ መስኮት ነበር፤ አጠገቡ ያለው ጎድጎድ የሳንቃው መዝጊያ መንሸራተቻ ነው።

ከሁሉ የሚቀለው ምልክት የኮርኒሱ ተሸካሚ ነው። አናጢው ሹል ጠርዙን በሰያፍ ይልገውና ግድግዳው ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አሳምሮ ያቆመዋል። ሰያፉ ሳይቆም ግድግዳ ውስጥ ከጠፋ ግድግዳው ኋላ የገባ ነው፤ ጎረቤት ዘንድ ሄደው የቀረውን ያገኙታል። የፎቁ ርብራብም ይናገራል፦ የጥንቱ እንጨት በጠፍጣፋው ተኝቶ ነው፣ የኋለኛው ቀጭን ሆኖ በጎኑ ይቆማል።

ቤቱን ማደስ ካሰቡ ትልቁን አግዳሚ ለበር ብለው አይቁረጡ። የጣራው ግፊት ግድግዳውን ወደ ውጭ እንዳይገፋ የሚይዘው እሱ ነው፤ ከተቆረጠ በኋላ ጫናው ቀስ ብሎ በሌላ ቦታ ይታያል። ውጪውን በሲሚንቶ አይለስኑ፤ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ከሥር ያለውን አግዳሚ ያበሰብሰዋል። አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ ይበቃል። መለያው ግድግዳ እስከ ጣራው መድረሱንም ይዩ፤ ብዙ ጊዜ ኮርኒስ ላይ ያበቃል፣ በአንዱ ቤት የተነሣ እሳትም በጣራው ሥር ወደ ሌላው ይሻገራል። በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ውስጡን ለመለወጥም የአካባቢውን ምክር ቤት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያለ ፈቃድ መሥራት በሕግ ወንጀል ነው።

የሚገዛ ሰው ደግሞ ካርታውን ከፎቅ ጋር ያስተያይ። ሸንሻኞቹ ደረጃና መኝታ ያካፈሉት እንደተመቻቸው ነውና የአንዱ መኝታ ቤት ከጎረቤቱ ወጥ ቤት በላይ ሊያርፍ ይችላል። ጠበቆች «ፍላይንግ ፍሪሆልድ» ይሉታል፤ ባንኮች በእንዲህ ያለው ቤት ላይ ብድር ለመስጠት ያመነታሉ።

ዓይንዎን ለማሠልጠን ዌስት ሰሴክስ፣ ሲንግልተን በሚገኘው ክፍት ሙዚየም ከኬንት ተነቅሎ የተተከለው «ቤይሊፍ» የተባለ የዊልደን ቤት አለ፤ አዳራሹ እንደ ጥንቱ ክፍት ነው። አልፍሪስተን መንደር ያለው የካህናት ቤትም ይጎበኛል፤ ቅርስ ጠባቂው ማኅበር ናሽናል ትረስት እ.ኤ.አ. በ1896 በ10 ፓውንድ የገዛው የመጀመሪያ ሕንፃው ነው።