ቁጥሩ የተፋቀ ፕላስቲክን በውሃ መለየት

ፕላስቲክ ለይታችሁ ለቆራሌው የምትሸጡ፣ ዕቃው ሥር ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ ያለውን ቁጥር እዩ። 1 ፔት ነው፤ ሃይላንዱና የለስላሳው ጠርሙስ። ጀሪካን አብዛኛውን ጊዜ 2፣ ክዳን 2 ወይም 5 ነው።

ቁጥሩ ከተፋቀ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ቆርጣችሁ ውሃ ውስጥ በጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቋት፤ ካልተጫነች አየር ይዛ ታታልላለች። ፔት ከውሃ ስለሚከብድ ይሰምጣል፣ የጀሪካኑና የክዳኑ ዓይነት ስለሚቀል ይንሳፈፋል።

የሰመጠ ሁሉ ግን ፔት አይደለም። ፒቪሲም (ቁጥር 3፣ የቧንቧው ፕላስቲክ) ይሰምጣል፤ ጥቂቱ እንኳ ከፔት ጋር ከቀለጠ ሙሉውን ያበላሸዋል። ስለዚህ የቧንቧ ቁራጭ ከጠርሙስ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን ዕቃ ደግሞ አትቁረጡት፣ ውሃም አታስነኩት።