ለመኝታ የሚሆን ያገለገለ ሚኒባስ ስትገዙ፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

አልጋና ማብሰያ ተገጥሞለት የሚሸጥ መኪና እኛ ዘንድ እምብዛም አይገኝም። አቅሙ ውስን የሆነ ሰው ያገለገለ ሚኒባስ ገዝቶ ወንበሩን በአልጋ ቢተካ ይሻለዋል። እኔ ቶዮታ ሃይኤስን እመርጣለሁ፤ መለዋወጫው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሞልቷል፣ የማያውቀው መካኒክም የለም። ገንዘባችሁን ሞተሩና ላሜራው ላይ አውሉት። አልጋውን ሰበታም ሆነ ቡራዩ ያለ አናጺ ቀስ ብሎ ይሠራዋል።

ሞተሩ ሞቆ ከጠበቃችሁ

የደከመ የናፍጣ ሞተር ወይም የተቃጠለ ካንዴሊታ (ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ሲሊንደሩን የሚያሞቀው) የሚጋለጠው በብርድ ነው። ሻጩ ይህን ካወቀ ቀድሞ ያሞቀዋል። በነጋታው ማለዳ እንደምትመለሱ ነግራችሁ እንዳያስነሳው አደራ በሉት። የለገጣፎ የኅዳር ጠዋት ጥሩ ፈታኝ ነው። ሞተሩ ያለው ከፊት ወንበር ስር ስለሆነ ወንበሩን አንሱና በእጃችሁ ዳስሱት፤ ከቀዘቀዘ ይነሳ።

ጭስ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ዳገት ላይ ትንሽ ጥቁር ቢያጨስ አትደንግጡ። ሜዳ ላይም ካልተወው የአየር ማጣሪያውን፣ ናፍጣ የሚረጨውን ኖዝልና ናፍጣ የሚገፋውን ፖምፓ አስፈትሹ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው፤ ሞተር ማስወረድ ሊያስፈልግ ስለሚችል ወጪውን ከመካኒክ ጠይቃችሁ ከዋጋው አስቀንሱ። ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ግን ይበልጥ ያሳስበኛል። ብዙ ጊዜ የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ተበልቶ ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ነው። ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ ያለውን ዳገት ሰው ጭናችሁ ውጡና የሙቀት መለኪያውን ተከታተሉ። መኪናው ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ፤ ውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ መኪናውን አትግዙት።

ቀለሙ አዲስ፣ ውስጡ እርጥብ እርጥብ የሚሸት

ለሚተኛበት ሰው ከሞተር ችግር የማይተናነሰው ይህ ነው። ጣሪያው ያፈሳል፣ ውሃው ምንጣፍ ስር ተኝቶ ላሜራውን ይበላል፣ ስቱኮ (ቀዳዳ የሚደፈንበት ልስን) እና ቀለም ደግሞ ቀዳዳውን ይሸፍኑታል። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በጎማው አናት፣ በበሩ ግርጌና በጣሪያው ጠርዝ ዳር ዳር አስኪዱት። የማይዝበት ቦታ ስር ስቱኮ አለ። ምንጣፉንም ገልጣችሁ ወለሉን በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ጫፍ ጫን ጫን አድርጉት፤ ጤነኛ ብረት አይሰረጉድም። የበር ግርጌ ብቻ ከሆነ ቆርጦ በአዲስ ላሜራ መበየድ ያድነዋል። ሻንሲው (መኪናውን ከስር የሚሸከመው ብረት) ወይም ጣሪያ የሚሸከመው ምሰሶ ከተበላ ግን በርካሽ ቢሰጧችሁም አትግዙ። ከተቻለ ክረምት ላይ ግዙ፤ በጋ ከሆነ በሮቹን ዘግታችሁ ጣሪያው ላይ ጥቂት ጀሪካን ውሃ አስፈስሱ፤ አንዳችሁ ውስጥ ሆናችሁ ጠብቁ።

ሌሊት መብራት በርቶ ጠዋት አልነሳ ካለ

ባትሪው አርጅቶ ካልሆነ፣ አንድ ባትሪ ለሁለት ሥራ ስለዋለ ነው። ለመብራትና ለስልክ ሌላ ባትሪ አስገቡ፤ ከሞተሩ ባትሪ ጋር የሚገናኘው ሞተር ሲሠራ ብቻ ይሁን።

ሊብሬው ከመኪናው ካልገጠመ

የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን በዓይናችሁ አስተያዩ። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት፣ ወንበር ነቅሎ አልጋ ማስገባትም ምን ፈቃድ እንደሚጠይቅ ከትራንስፖርት ቢሮ አጣሩ። ቀብድ ከዚህ በፊት አትስጡ።