የኮምፒውተራችሁን ድምፅ አንዴ አስተካክሎ ለመገላገል፦ የሳውንድ ካርድ ሴቲንግ እንዴት እንደሚመረጥ

የሳውንድ ካርድ ሴቲንግ የከፈተ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ትልቁ የሳምፕል ሬት ቁጥር ላይ ነው፤ ሳምፕል ሬት ማለት ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ ነው። 192 ኪሎኸርዝ እያለ ማን 48 ይመርጣል? አብዛኞቻችን ግን 48 ብንመርጥ ይሻለናል። ጥሩ ሴቲንግ ማለት ለቪዲዮውም፣ ለጌሙም፣ ለኦንላይን ስብሰባውም ተመልሳችሁ ሳትነኩት የሚሠራ ነው። አካሄዱን በዊንዶውስ 11 አሳያለሁ። ሊኑክስና ማክ የምትጠቀሙትን ወደ ታች አልረሳኋችሁም።

1. ድራይቨሩ

ድምፁ ደህና ከሆነ ድራይቨሩን፣ ማለትም ዊንዶውስ ሳውንድ ካርዱን የሚያዝበትን ሶፍትዌር፣ አትነካኩ። ችግር ካለ ግን ከላፕቶፑ ወይም ከማዘርቦርዱ አምራች ድረ ገጽ ለዚያው ሞዴል የተዘጋጀውን አውርዱ። የድምፅ ቺፑ ሪልቴክ የሚባለው ኩባንያ ስለሆነ ብቻ የትኛውም የሪልቴክ ድራይቨር ይሠራል ማለት አይደለም። እሱም ካስቸገረ ዊንዶውስ ይዞት የሚመጣው «ሃይ ዴፊኒሽን ኦዲዮ ዲቫይስ» የሚባለው ድራይቨር አለ። ብዙ ጌጥ የለውም፤ እሱም ጥቅሙ ነው።

2. ድምፁ በየት ይውጣ?

ታስክባር ላይ የስፒከሯን ምልክት ራይት ክሊክ አድርጉና «ሳውንድ ሴቲንግስ» ግቡ። ወደ ታች ወርዳችሁ «ሞር ሳውንድ ሴቲንግስ» የሚለውን ስትጫኑ የድሮው መስኮት ይከፈታል። ቀሪው ሥራችን በአብዛኛው እዚህ ነው።

«ፕሌይባክ» ውስጥ የምትጠቀሙበትን ስፒከር ወይም ሄድፎን መርጣችሁ «ሴት ዲፎልት» በሉት። ፈጽሞ የማትጠቀሙበትን ደግሞ «ዲሴብል» አድርጉት። በተለይ በኤችዲኤምአይ የተሰካ ሞኒተር ስፒከር ሳይኖረው ድምፁን ወደ ራሱ ይወስድና «ኮምፒውተሬ ድምፅ አጠፋ» ያሰኛል።

ብሉቱዝ ሄድፎን ያላችሁ እዚህ ጋ ቆም በሉ። ስብሰባ ስትገቡ የሙዚቃው ጥራት ወርዶ እንደ ድሮ ስልክ የሚሆንባችሁ ሄድፎኑ ስለተበላሸ አይደለም። የሄድፎኑ ማይክ ሲከፈት ብዙዎቹ ከጥሩው የስቴሪዮ ሁነታ ወጥተው ወደ ስልክ ሁነታ ይገባሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ «ሪኮርዲንግ» ውስጥ የላፕቶፑን ማይክ ዲፎልት አድርጉ፤ ስብሰባ የምትገቡበት አፕ ውስጥም እሱኑ ምረጡ። ሄድፎኑ ማሰማት ብቻ ይሆናል ሥራው።

3. ሳምፕል ሬትና ቢት

የመረጣችሁትን ስፒከር «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «አድቫንስድ» ክፈቱ። 24 ቢት (እያንዳንዱ ልኬት የሚጻፍበት ዝርዝርነት)፣ 48000 ኸርዝ (48 ኪሎኸርዝ) ምረጡ። 24 ቢት ከሌለ 16ም ይበቃል።

ለምን 48? የሰው ጆሮ የሚሰማው ቢበዛ እስከ 20 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነው፤ ያንን በትክክል ለመያዝ ከእጥፉ ትንሽ ከፍ ያለ ሳምፕል ሬት ይበቃል። ሲዲ 44.1 የሚጠቀመው፣ ቪዲዮ ደግሞ 48 የሚጠቀመው በዚሁ ስሌት ነው። ዊንዶውስ ከየአፑ የሚመጣውን ድምፅ ሁሉ አቀላቅሎ እናንተ ወደመረጣችሁት ቁጥር ይቀይረዋል። 192 ብትሉት የ48ቱ ቪዲዮ ወደ 192 ይለወጣል እንጂ ያልነበረ ድምፅ አይጨመርበትም። ትርፉ ለፕሮሰሰሩ ተጨማሪ ሥራ ነው። ሙዚቃ ብቻ የምታደምጡና ፋይሎቻችሁ 44.1 የሆኑ ከሆነ እሱን ብታደርጉትም አልከራከርም።

ቢትን በተመለከተ፣ 16 ቢት በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል 96 ዴሲቤል ያህል ስፋት ይሰጣል። ለማዳመጥ ከበቂ በላይ ነው። 24 የሚጠቅመው ቮሊዩሙን በኮምፒውተሩ ስትቀንሱና ስትቀርጹ ነው።

እዚያው ገጽ ላይ «ኤክስክሉሲቭ ሞድ» የሚል ክፍል አለ። አንድ አፕ ሳውንድ ካርዱን ለብቻው እንዲይዝ የሚፈቅድ ነው። ሙዚቃ የምትሠሩ ከሆነ ተዉት። አንዱ አፕ ሲከፈት የሌላው ድምፅ ጭጭ የሚልባችሁ ከሆነ ግን ምልክቱን አንሱ።

4. ማሳመሪያዎቹን አጥፉ

ቤዝ ቡስት፣ ቨርቹዋል ሰራውንድ፣ ላውድነስ… «ኢንሃንስመንትስ» ተብለው የሚመጡትን በሙሉ አጥፉ። የላፕቶፕ አምራቾች ለራሳቸው ትንሽ ስፒከር ያበጁት ማስተካከያ አንዳንዴ ይጠቅማል፤ እሱን አጥፍታችሁም አብርታችሁም አወዳድሩት።

5. ማይኩ

ሰዎች «ድምፅህ ይቆራረጣል»፣ «ሹሹታ አለው» የሚሏችሁ ብዙ ጊዜ በማይኩ ሌቭል ምክንያት ነው። «ሪኮርዲንግ» ውስጥ የማይካችሁን «ፕሮፐርቲስ» ከፍታችሁ «ሌቭልስ» ግቡ። «ማይክሮፎን ቡስት» የሚል ካለ ዜሮ አድርጉት። ከዚያ በተለመደው ድምፃችሁ እያወራችሁ ዋናውን ሌቭል ቀስ በቀስ ከፍ አድርጉ። 100 ሞልቶም ድምፃችሁ ካነሰ ብቻ ቡስቱን ወደ 10 ዴሲቤል አንሱት። 30 ላይ የተሰቀለ ቡስት የጎረቤትን ወሬና የፋኑን ጩኸት ጭምር ያስገባል።

«ኮሙኒኬሽንስ» የሚለውን ታብም ከፍታችሁ «ዱ ናቲንግ» ምረጡ። ዊንዶውስ ሲመጣ ጥሪ ባየ ቁጥር ሌላውን ድምፅ በ80 በመቶ እንዲቀንስ ተደርጎ ነው። ሙዚቃው ለምን በራሱ ዝቅ እንደሚል ግራ የሚገባው ሰው ብዙ ነው።

6. በፈር፦ ለሚቀርጹ ብቻ

በፈር ድምፁ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀምበት ጋን ነው። ትልቅ ሲሆን ድምፁ ይዘገያል፤ ትንሽ ሲሆን ኮምፒውተሩ ሞልቶ ሳይደርስ ያልቅና ቋ ቋ ይላል። በ48 ኪሎኸርዝ 256 ሳምፕል 5.3 ሚሊሰከንድ፣ 1024 ደግሞ 21 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ስትዘፍኑ ወይም ኪቦርድ ስትጫወቱ በ256 ጀምሩ፤ ከተቆራረጠ 512 አድርጉ። ቀረጻው አልቆ ሚክስ ስታደርጉ 1024 ላይ ተዉት።

ሊኑክስና ማክ

ማክ ላይ «ኦዲዮ ሚዲ ሴትአፕ» የሚለውን ክፈቱና 48 ምረጡ፤ ሌላው ብዙም አያስቸግርም።

ሊኑክስ ላይ አዲሶቹ ስሪቶች የሚጠቀሙት ፓይፕዋየር የሚባለው የድምፅ ሶፍትዌር ከመጀመሪያውም 48 ላይ ነው። ድምፅ ጨርሶ ከሌለ ተርሚናል ላይ አልሳሚክሰር (alsamixer) የሚባለውን የድምፅ መቆጣጠሪያ ክፈቱ። አልሳ፣ ማለትም የሊኑክስ የሳውንድ ካርድ ድራይቨሮች ሥርዓት፣ ቻናሎቹን ዘግቶ የሚጀምርበት ጊዜ አለ፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ጆሯችሁ ላይ እንዳይጮህ ነው። ኤፍ 6 ተጭናችሁ ትክክለኛውን ካርድ ምረጡ። ከማሳያው ሥር ሁለት ኤም ካያችሁ ቻናሉ ተዘግቷል ማለት ነው፤ የኤም ቁልፍን ስትጫኑ ይከፈታል።

ሁሉን አድርጋችሁም ድምፁ ቋ ቋ ካለ

መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ፤ ባትሪ መቆጠቢያው ሳውንድ ካርዱን ደጋግሞ ሊያስተኛው ይችላል። የዩኤስቢ ካርድ ከሆነ ከማከፋፈያው ነቅላችሁ በቀጥታ ሰኩት። ከዚያም የዋይፋይና የብሉቱዝ ድራይቨሮችን አድሱ። ፕሮሰሰሩን ለአፍታ ይዘው ድምፁን የሚያቆራርጡት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው።