ለኦፕን ሶርስ ኮድ መላክ፦ ጳጉሜን 6 ከጠፋችበት እንጀምር

ቀን ቀን ፒያሳ አካባቢ ላሉ ሱቆች የሽያጭ ፕሮግራም እሠራለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ለኦፕን ሶርስ (ኮዳቸው ለማንም ክፍት ለሆነ) ፕሮጀክቶች ኮድ እልካለሁ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲያገኙኝ «ከየትኛው ፕሮጀክት ልጀምር?» ይሉኛል። ስሙ የገነነውን አትፈልጉ። በየቀኑ የምትጠቀሙበትን፣ የሆነ ቦታ ላይ የሚያናድዳችሁን ያዙ።

የቀን መቁጠሪያ ጥሩ መነሻ ነው። ውጭ አገር ያለ ፕሮግራመር የማያየው ስህተት ለእኛ ወዲያው ይታየናል። አንድ ፕሮግራም ጳጉሜን 6ን አልቀበልም አለ እንበል። ኮዱ ውስጥ የኢትዮጵያን ዓመት ለ4 አካፍሎ ቀሪው ዜሮ መሆኑን የሚጠይቅ መስመር ካገኛችሁ ጉዱ እዚያ ነው። ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው ቀሪው 3 ሲሆን ነው። በ2015 ነበረች፤ በ2019 ትመጣለች።

እሺ፣ አገኛችሁት። አሁኑኑ ማስተካከል አያስፈልግም። መጀመሪያ የፕሮጀክቱን ኢሹዎች (የተመዘገቡ ችግሮች) ፈትሹ፤ ሌላ ሰው ጀምሮት ይሆናል። ከሌለ አዲስ ክፈቱ፦ የትኛው ቨርዥን ላይ፣ ምን ስታደርጉ፣ ምን መጣ፣ ምን መምጣት ነበረበት። ፕሮጀክቱ ለአዋጪዎች የጻፈውን መመሪያም አንብቡ። ሁሉም በፑል ሪኩዌስት («ለውጤን ተቀበሉልኝ» በሚል ጥያቄ) አይቀበልም። የሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ስርዓተ ክወና እምብርት)፣ ለምሳሌ፣ ፓች (የኮድ ማስተካከያ) የሚቀበለው በኢሜይል ነው።

ከዚያ ፎርክ አድርጋችሁ (በስማችሁ ቅጂ ይዛችሁ) ክሎን ታደርጋላችሁ (ወደ ኮምፒውተራችሁ ታወርዳላችሁ)። የዳታ ፓኬጅ ለሚቆጥር ሰው አንድ ምክር፦ ትልቅ ፕሮጀክት ሲሆን የዓመታት ታሪኩን ሁሉ አታውርዱ፤ ክሎን ስታደርጉ ዴፕዝ 1 (--depth 1) ብላችሁ የመጨረሻውን ብቻ ውሰዱ። ኮሚት ማድረግ (ለውጡን ኮምፒውተራችሁ ላይ መመዝገብ) ኢንተርኔት አይፈልግም። መብራት ቢሄድ፣ ኔትወርክ ቢጠፋ፣ ባትሪ እስካለ ድረስ ሥራው ይቀጥላል። ኔትወርኩ ሲመለስ ፑሽ (ወደ ፎርካችሁ መላክ) ነው።

ምንም ሳትነኩ ቴስቶቹን (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሹትን) አንዴ አስኪዱ። ድሮውኑ የሚወድቅ ካለ የእናንተ አለመሆኑን ታውቃላችሁ። አዲስ ብራንች (ለብቻው የሚሠራበት የኮዱ ቅርንጫፍ) ከፍታችሁ ያቺን መስመር ብቻ አስተካክሉ። ኤዲተራችሁ ፋይሉን ሁሉ በራሱ ፎርማት እንዳያደርገው ተጠንቀቁ፤ መቶ መስመር ውስጥ የተደበቀ ማስተካከያ ማንም በደስታ አያነብም።

ቴስት ጨምሩበት። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ላይ ይውላል። መስከረም 1 ቀን 2016 ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2016 የሚባል ቀን ስለሌለ ፕሮግራሙ እምቢ ማለት አለበት። ኢትዮጵያን ረግጦ ለማያውቅ ገምጋሚ ከረጅም ማብራሪያ ይልቅ እነዚህ ሦስቱ ይበቁታል።

የኮሚቱ መልእክት የመጀመሪያ መስመር አጭር ይሁን። «ለምን» የሚለውን ከሥር ጻፉ። ፑል ሪኩዌስቱ ላይ የኢሹውን ቁጥር አትርሱ።

መልሱ ሲመጣ አትደንግጡ። ጎንደር ላይ ሰው እንዴት ዋልክ፣ ቤተሰብ ደህና ነው ሳይል ወደ ጉዳይ አይገባም። ገምጋሚ ግን «ይህን ስም ቀይረው» ብሎ ዝም ሊል ይችላል። ንቀት አይደለም። አስተካክላችሁ እዚያው ብራንች ላይ ፑሽ አድርጉ፤ ፑል ሪኩዌስቱ ራሱን ያድሳል፣ አዲስ መክፈት አያስፈልግም። ብዙዎቹ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ናቸውና በማግስቱ አትነዝንዙ። ሁለት ሳምንት ካለፈ ግን አንዲት ትሁት መስመር ጻፉላቸው፤ ያስታውሱታል።