የዚል 131 ጎማ ሌሊት ለምን እንደሚተነፍስ አገኘሁት

ደብረ ማርቆስ የማቆማት የድሮ ወታደራዊ ዚል 131 የጭነት መኪናዬ ማታ ተነፍታ ጠዋት የቀኝ የኋላ ጎማዋ ተኝቶ ትገኝ ነበር። ብዙ ሰው ከመኪናዋ ወደ ጎማዎቹ ንፋስ የሚወስደውን ቱቦ «የንፋስ መስመሩን ቆርጠህ ድፈነው» ብሎኛል። አላደረግሁትም። ሹፌሩ ከጋቢና ሆኖ የጎማውን ንፋስ አስፋልት ላይ 3 ኪሎ ማድረግ፣ ጭቃ ላይ እስከ 0.5 ኪሎ ማውረድ መቻሉ የዚች መኪና ትልቁ ጸጋ ነው። የጎጃምን ዋልካ በሐምሌ የሚያውቅ ይህን አይጥልም።

መጀመሪያ የስድስቱንም ጎማ ቫልቭ፣ ማለት ጎማውን ከንፋስ መስመሩ የሚለየውን መዝጊያ፣ ዘግቼ አሳደርኩ። አንዱም አልተነፈሰም፤ ስለዚህ ከመነዳሪው ጤነኛ ነው። ቀጥዬ የቀኙን የኋላ ብቻ ስከፍት ወረደ። ቱቦውና መጋጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ቀባሁ፤ ምንም የለም። ጆሮዬን ሳስጠጋ ግን ሲስ የሚለው ድምፅ ከሞዞው (ጎማው ከሚታሰርበት እምብርት) ውስጥ ነው የሚመጣው።

ንፋሱ ወደ ጎማው የሚያልፈው በሚሽከረከረው ዘንግ ውስጥ ነው፤ እንዳያመልጥ የሚይዙት በንፋሱ መግቢያ ግራና ቀኝ ዘንጉን የሚያቅፉት የላስቲክ ማኅተሞች (ሲሎች) ናቸው። ዘንጉን ስቤ ሳወጣው ከንፈራቸው፣ ማለት ዘንጉን የሚነካው ጫፋቸው፣ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ማኅተሞቹን ከመርካቶ አስመጣሁ። የተቀመጡበትን የዘንግ ገጽ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፤ ሻካራ ከሆነ አዲሱንም ይበላዋል። ስትገጥሙ ከንፈራቸው ንፋሱ ወዳለበት ወደ መሃል ይዙር፣ ግራሶም ቀቡት። ተገልብጦ ከገባ ግፊቱ ራሱ ይከፍተዋል።

አሁን ቫልቩ ክፍት ሆኖም ያድራል። ለረጅም ጊዜ ስትቆም ግን ስድስቱንም እዘጋለሁ።