«60% ቅናሽ» የሚል የክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) ማስታወቂያ ሲመጣ ደብተሬን የማወጣው ለምንድን ነው?

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የዕቁባችን ጸሐፊ እኔ ነኝ። ከ3 ዓመት በፊት አምስት ሴቶች ተስማምተን፣ እናቶቻችንን ይዘን ከባልቲሞር በሚነሳ መርከብ ወደ ባሃማስ ልንሄድ ወሰንን። ዋጋ የመከታተሉ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። የሰው ገንዘብ ስለሆነ ቀልድ የለም፤ በየእሁዱ ከቅዳሴ መልስ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ስልኬን ከፍቼ የዚያኑ መርከብ፣ የዚያኑ ቀን፣ የዚያኑ ዓይነት ካቢን (የመኝታ ክፍል) ዋጋ ደብተሬ ላይ አሰፍር ነበር። ስለ ክሩዝ ቅናሽ የማውቀውን ሁሉ ያስተማረኝ ያ ደብተር ነው።

የመጀመሪያውን ገጽ ላሳያችሁ። ኦክቶበር ላይ ምንም ቅናሽ ሳይኖር፣ 7 ሌሊት፣ መስኮት የሌለው ካቢን፣ ለአንድ ሰው 780 ዶላር፣ ለሁለት 1,560። ታክስና የወደብ ክፍያ 380 ሲጨመር 1,940 ሆነ። ኖቬምበር ላይ የብላክ ፍራይደይ ቅናሽ መጣ፦ «ለሁለተኛው ተጓዥ 60% ቅናሽ»። የአንዱ ሰው መነሻ ዋጋ ግን 1,100 ገብቶ ጠበቀኝ። ሁለተኛው 440 ይከፍላል፤ ሁለቱ 1,540። ታክሱ ሲደመር 1,920። ያ ሁሉ ቀይ ጽሑፍ ለአንድ ካቢን ያተረፈልን 20 ዶላር ነው። መርካቶ ጨርቅ የገዛ ሰው ይህንን ያውቀዋል፤ መጀመሪያ ከፍ አድርገው ይጠሩና «ለአንቺ ስል» ብለው ይቀንሱልሻል።

ስለዚህ አንደኛው ሥራችሁ ቅናሽ ሳይመጣ በፊት ይጀምራል። የምትፈልጉትን ጉዞ ምረጡ፣ እስከ መጨረሻው የክፍያ ገጽ ድረስ ሂዱ፣ ካርድ ሳታስገቡ ጠቅላላውን ድምር ጻፉና ውጡ። ለሁለተኛው ሰው 60% ማለት ለሁለቱ ሲካፈል 30% መሆኑንም አትርሱ። «ዛሬ ማታ ያበቃል» የሚለው ሰዓት ቆጣሪም አያስደንግጣችሁ። እኔ እሁድ ማታ ያበቃውን ሰኞ ጠዋት ሌላ ስም ይዞ አግኝቼዋለሁ፣ ድምሩ ያው ነው።

ቲኬቱን እንዲህ እያሽሞነሞኑ የሚሸጡት ለምን እንደሆነ የገባኝ ኋላ ነው። ሮያል ካሪቢያን የሚባለው የክሩዝ ኩባንያ በ2023 ካስገባው 13.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ውስጥ ወደ 4.3 ቢሊዮኑ የመጣው ከቲኬት አይደለም፤ መርከቡ ላይ ከሚሸጠው መጠጥ፣ ኢንተርኔት፣ ካዚኖና ሽርሽር እንዲሁም ከሌላ ሌላ ገቢ ነው። እናንተ መርከቡ ላይ ከወጣችሁ ሂሳቡ ገና ይጀምራል ማለት ነው።

አንድ ነገር ተሻሽሏል። ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ሕግ ምክንያት ትልልቆቹ ኩባንያዎች ታክሱንና የወደቡን ክፍያ በመጀመሪያው ዋጋ ውስጥ ማሳየት ጀምረዋል። የሠራተኞቹ ጉርሻ ግን አሁንም ውጭ ነው። በቀን ለአንድ ሰው 18 ዶላር ብትይዙ ለሁለት ሰው በ7 ቀን 252 ዶላር ይሆናል። ይህንን ደብተሩ ላይ ሳትጨምሩ ሁለት ኩባንያ አታወዳድሩ።

አሁን በጣም ወዳናደደኝ ልምጣ። በሌላ ጊዜ እኔና እናቴ ብቻ ስንሄድ «የመጠጥ ፓኬጅ በነጻ» የሚል ወሰድኩ። ደረሰኙ ሲመጣ፣ ለአንድ ሰው በቀን 100 ዶላር ተተምኖ 20% የአገልግሎት ክፍያ ተጥሎበታል። ለሁለት ሰው በ7 ቀን 280 ዶላር! እናቴ በሕይወቷ አልኮል ቀምሳ አታውቅም። ሳምንቱን ሙሉ የጠጣችው ውኃና ሻይ ነው፤ እሱ ደግሞ ፓኬጅ ሳይገዛም በነጻ ይቀርባል። እያንዳንዱ ዶላር የሷን ስም ይዞ ሲወጣ ማየት አንገበገበኝ። «ነጻ» የሚል ነገር ስታዩ ያለሱ ድምሩ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ፓኬጁን በገንዘብ ስትገዙም በአብዛኞቹ ኩባንያዎች በአንድ ካቢን ያሉ አዋቂዎች በሙሉ እንዲገዙ ስለሚያስገድዱ፣ የሚጠጣውንና የማይጠጣውን በአንድ ካቢን አታሳድሩ።

«የ100 ዶላር ክሬዲት» የሚሉትን እኔ እንደ 100 ዶላር አልቆጥረውም። የሚወጣው መርከቡ ላይ፣ በመርከቡ ዋጋ ነው፤ ካልተጠቀማችሁበት ብዙውን ጊዜ በመጨረሻው ሌሊት ይቃጠላል። ጉርሻ መክፈል የሚቻልበት ከሆነ ግን ጥሬ ገንዘብ በሉት። «ልጆች በነጻ» የሚለው ደግሞ ለቤተሰብ እውነተኛ ትርፍ ሊሆን ይችላል፤ የልጆቹ ታክስና ጉርሻ ግን አይቀርም፣ ትምህርት ቤት የሚዘጋባቸው ሳምንታትም አብዛኛውን ጊዜ አይካተቱም።

ታዲያ እኛ ያተረፍነው በምንድን ነው? ቀብዱ የሚመለስበትን ዋጋ መርጠን ቀድመን በመያዝ። የመጨረሻው ክፍያ ብዙውን ጊዜ ጉዞው 75 ወይም 90 ቀን ሲቀረው ነው። እስከዚያ ድረስ ዋጋው ከወረደ ደውላችሁ በአዲሱ ዋጋ አስተካክሉልኝ ማለት ትችላላችሁ። ጃንዋሪ ላይ ካቢናችን በ160 ዶላር ወርዶ አገኘሁትና ደወልኩ። ልጅቷ እሺ ልትል ስትል፣ «በፊት የተሰጠን ክሬዲት ይሰረዛል ወይ?» ብዬ ጠየቅኩ። ይሰረዛል፣ 100 ዶላር። ጥቅሙ 60 መሆኑን አውቄ ተቀበልኩ፤ አምስት ካቢን ስለነበርን 300 ዶላር ነው። ከመዝጋታችሁ በፊት ይህንን ጥያቄ ጠይቁ፣ አዲሱንም ደረሰኝ በኢሜይል አስልኩ።

ከቅናሽ ሁሉ የሚበልጠው ቀኑን መቀየር ነው። ከእንቁጣጣሽ ሰሞን ጀምሮ ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ ዋጋው ይወርዳል፤ የአውሎ ነፋስ ወቅት ስለሆነ ግን መርከቡ መንገዱን ሊቀይር ይችላል። ከታንክስጊቪንግ በኋላ ያሉት የዲሴምበር ሳምንታትም ርካሽ ናቸው። ያኔ የገና ጾም ስለሆነ እናቶቻችን የጾም ምግብ እንደሚፈልጉ ስንመዘገብ አስጽፈን ነበር፣ መርከቡ ላይም በመጀመሪያው ማታ ለአስተናጋጁ ደግመን ነገርነው።

ቀብዱ የማይመለስበት ዋጋ ይረክሳል፤ እኛ ግን አልወሰድነውም። አንደኛዋ እናት በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለጉብኝት የመጣች ነበረች። መርከቡ የሚቆምበት አገር ቪዛ ይጠይቃት እንደሆነ፣ የአሜሪካ ቪዛዋም ደግማ ለመግባት የሚፈቅድላት መሆኑ እስኪጣራ ሦስት ሳምንት ፈጀብን። እስከዚያ የሷ ካቢን ገንዘብ ሊመለስ በሚችል ቀብድ ተይዞ ቆየ።